የዴቪድ ዴል ሕይወት እንዴት እንደ ተጻፈ፤ ስለ አንድ የጥጥ ነጋዴና ስለ ታሪኩ ጸሐፊዎች የቀረበ ሒስ

ስለ ስኮትላንዳዊው ነጋዴና የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ባለቤት ስለ ዴቪድ ዴል የጻፉ ሰዎች በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ ዳሩ ግን ዞረው ዞረው አንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ፤ ይኸውም ሰውየው በእውነት ደግ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ነው። ወዳጆቹ ደግ ነበረ ይላሉ፤ ነቃፊዎቹ ደግሞ ደግስ ደግ ነበረ፥ ደግነቱ ግን አልበቃም ይላሉ። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ጥያቄው ራሱ ወደ ተሳሳተ መንገድ የሚመራ መሆኑን ነው። የአንድን አሠሪ ሕይወት በልቡ መዝነን ከጻፍነው በቤቱ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ከታሪኩ ይወጡና የደግነቱ ምስክሮች ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ነገሩ የሩቅ አገርና የሩቅ ዘመን ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ገርጂ ተቀምጬ ቀለም ባላጠፋሁበት ነበር፤ ነገር ግን እኛው ተማሪዎቹ ስለ አገራችን የልብስ ፋብሪካዎች በምንጽፋቸው ጥናቶች ውስጥ ያንኑ ስሕተት የምንደግመው መሆኑን ወደ በኋላ አመለክታለሁ። ዘመናቱ ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ በአዋጅ ቍጥር ላይ ብቻ የኛን ዓመት ጠብቄአለሁ።

አስቀድሞ ሰውየውን ማወቅ ይገባል። ዴል በ1739 በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ ስቲዋርተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለ ሱቅ ነበረ። ልጁ መጀመሪያ ከብት ጠበቀ፤ ቀጥሎ ፔዝሊ በምትባለው የሸማኔዎች ከተማ ሽመና ተማረ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋሉ ግን ብዙም አልተመቸውም ይባላል። ከዚያ በኋላ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ ገበሬዎች በየቤታቸው የፈተሉትን የተልባ እግር ክር በትንሽ በትንሹ ይገዛና ለከተማ ሸማኔዎች ያደርስ ጀመር። ይህን ሥራ ለኛ አገር አንባቢ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ በገበያ ቀን ከሴቶች እጅ ፈትል እየሰበሰበ ለሸማኔ የሚያቀርብ ነጋዴ ማለት ነው። በ1763 ግላስጎው ገባ፤ ለአንድ የሐር ነጋዴ ጸሐፊ ሆኖ ሠራ፤ ከዚያም በዓመት 5 ፓውንድ ኪራይ የራሱን ሱቅ ያዘ። ኪራዩም ስለ ከበደው የሱቁን አንድ ክፍል ለሰዓት ሠሪ አከራየ። ከፈረንሳይና ከሆላንድ ክር ማስመጣት ከጀመረ በኋላ ግን ሀብቱ በፍጥነት አደገ። በ1777 የሮያል ባንክ ዲሬክተር የነበረውን የጆን ካምቤልን ልጅ አገባ፤ በ1783 ያው ባንክ በግላስጎው ወኪል ሲሾም ዴል ተሾመ፤ በዚያው ዓመት የከተማው የንግድ ምክር ቤት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። ክር ነጋዴ ከባንክ ጋር ሲዛመድ ምን እንደሚከተል አንባቢ ራሱ ይገምተዋል።

የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎቹ ከዚህ በኋላ ስለ ጠባዩ ብዙ ይጽፋሉ። ከአገሩ ቤተ ክርስቲያን ተለይቶ በወጣ አነስተኛ ማኅበር ውስጥ፥ ካህን ሳይሆን፥ ለብዙ ዓመት ሰባኪ ነበረ። እህል በተወደደ ጊዜ ከውጭ አገር እህል አስመጥቶ ያለ ትርፍ ለድኾች አሽጧል። አጭርና ወፍራም ሰው ስለ ነበረ አንድ ቀን በበረዶ ላይ አንሸራቶኝ በቁመቴ ልክ ወደቅሁ ቢል፥ ወዳጁ በወርድህ ልክ ባለመውደቅህ አምላክህን አመስግን ብሎ መለሰለት ይባላል። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ እኔም ስቄበታለሁ። ነገር ግን ይህን የበረዶ ወሬ ከጸሐፊ ወደ ጸሐፊ ሲያስተላልፍ የኖረ ልማድ በፋብሪካው ውስጥ ከኖሩት ከብዙ መቶ ልጆች የአንዱን እንኳ ስም ይዞልን አለመምጣቱ ሊያሳስበን ይገባል።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንምጣ። በ1784 ሪቻርድ አርክራይት የተባለው እንግሊዛዊ ወደ ግላስጎው መጣ። የዚህ ሰው መፍተያ መኪና በውሃ ኀይል የሚሠራ ሲሆን ዋና ጥቅሙ ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን በብሪታንያ በእጅ የተፈተለ የጥጥ ክር ለማግ እንጂ ለድር አይሆንም ነበር፤ ውጥረቱን ስለማይችል ይበጠሳል። ስለዚህ ሸማኔዎች ድሩን ከተልባ እግር ማጉን ከጥጥ ያደርጉ ነበር። የአርክራይት መኪና ግን ለድር የሚበቃ ጠንካራ የጥጥ ክር አወጣ። (የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር ማጉን ከእጅ ፈትል የሚያደርግበት ምክንያት ከዚህ ብዙ አይርቅም።) እንግዲህ ዴል የተልባ እግር ክር ነጋዴ ነበርና ይህ መኪና ገበያውን የሚዘጋበት መሆኑን ከማንም ቀድሞ ሊረዳ የሚገባው ሰው ነበር። ጸሐፊዎቹ ወደ ጥጥ መግባቱን እንደ አርቆ አስተዋይነት ይቈጥሩለታል፤ እኔ ግን የሚሰጥም ጀልባ ላይ የነበረ ነጋዴ ወደሚቀጥለው ጀልባ መዝለሉ ይመስለኛል፤ ይህም ነቀፌታ አይደለም።

ኹለቱ ሰዎች የክላይድ ወንዝ ፏፏቴዎች ወዳሉበት ወደ ላናርክ ሄደው ቦታውን አዩ። በ1786 የኒው ላናርክ የመጀመሪያው ፋብሪካ ክር ማውጣት ጀመረ። ሽርክናው ብዙ ሳይቈይ ፈረሰ፤ ፋብሪካውም በ1788 ተቃጠለ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተሠራ። ዴል በብላንታየር፥ በካትሪንና በሰሜን ስኮትላንድ በስፒኒንግዴል ከሌሎች ባለሀብቶች ጋር ሌሎች መፍተያዎችን አቋቁሟል፤ ከጆርጅ ማኪንቶሽ ጋርም ጥጥን በደማቅ ቀይ የሚያቀልም ቤት ከፍቷል። እነዚህን አልፋቸዋለሁ፤ ክርክሩ ያለው በኒው ላናርክ ነው።

የቦታው ችግር ሰው ማጣት ነበረ። ውሃው አለ፥ መኪናው አለ፤ የአካባቢው ሰው ግን ደወል እየተጠራ ከሚገባበት ቤት መሥራትን አልወደደም። ዴል ሰው ያገኘው ከኹለት ወገን ነው። አንደኛው ወገን ከሰሜን ደጋ አገር መሬት ያጡ ቤተ ሰቦች ነበሩ፤ በ1791 ከስካይ ደሴት ወደ አሜሪካ ይሰደዱ የነበሩ ሰዎች መርከባቸውን ማዕበል ወደ ግሪኖክ ወደብ ቢመልሳት ዴል ሥራና ቤት እሰጣችኋለሁ ብሎ የተወሰኑትን አስቀርቷል። ኹለተኛው ወገን በኤዲንበራና በግላስጎው የድኾች መጠለያ ያደጉ ወላጅ የሌላቸው ልጆች ነበሩ። በ1793 በፋብሪካው ከነበሩት 1157 ሠራተኞች 795ቱ ዕድሜያቸው ከ17 ዓመት ያልበለጠ ነበረ። ዝርዝሩ በዚያው ዘመን ታትሞ ስለሚገኝ ልጥቀሰው፦ የ6 ዓመት ልጆች 5፥ የ7 ዓመት 33፥ የ8 ዓመት 71፥ የ9 ዓመት 95። ከ10 ዓመት በታች የነበሩት በጠቅላላው 204 ይሆናሉ ማለት ነው።

ዴል ስለ እነዚህ ልጆች ከራሱ እጅ የተገኘ ቃል ትቶልናል። በ1796 ከማንቸስተር የጤና ቦርድ ለቀረበለት ጥያቄ በጻፈው መልስ የልጆቹን አኗኗር አንድ በአንድ ገልጿል። ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ አልጋ ይተኛሉ፤ አንሶላና ብርድ ልብስ አላቸው፤ ክፍሎቹ ይጠረጋሉ፤ የአጃ ገንፎ ከወተት ጋር፥ የገብስ ሾርባ፥ ሥጋ፥ ድንችና አይብ ይበላሉ። ጧት በ12 ሰዓት ሥራ ይጀምራሉ፤ ማታ በ1 ሰዓት ይፈታሉ፤ በመካከሉ ለቍርስ ግማሽ ሰዓት ለምሳ አንድ ሰዓት ይሰጣቸዋል። ከማታው 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ደግሞ ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ለዚህም 16 አስተማሪዎች ነበሩ። ሥራው 11 ሰዓት ተኩል፥ ትምህርቱ 2 ሰዓት፤ በድምሩ 13 ሰዓት ተኩል መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህን መልስ አድናቂዎቹ የደግነቱ ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል። ከዘመኑ ጋር ሲመዛዘን እውነትም ደግነት አለበት፤ በእንግሊዝ አገር ልጆች በሌሊት ጭምር በሚሠሩባቸውና አልጋው ሳይበርድ አንዱ ተነሥቶ ሌላው በሚተኛባቸው ፋብሪካዎች አጠገብ ሲታይ ኒው ላናርክ የተሻለ ነበረ። ነገር ግን አንድ አሠሪ ስለ ራሱ ቤት የጻፈው መልስ ሰዓቱን ሲናገር የሚታመነው በራሱ ላይ ስለሚመሰክር ነው፤ ምግቡን ሲናገር ግን ለራሱ መመስከሩ ስለሆነ ጥንቃቄ ያሻል። በአድናቂዎቹ ጽሑፍ ግን ምግቡ ገጽ ሲሞላ ሰዓቱ በአንድ መስመር ያልፋል።

እንዲሁም ከ1785 እስከ 1797 በፋብሪካው ከሠሩት 3 ሺህ ያህል ልጆች መካከል የሞቱት 14 ብቻ ናቸው የሚለው አኀዝ ተደጋግሞ ይጠቀሳል። አኀዙ ትክክል ነው ብለን እንቀበለው። ይሁን እንጂ የሚቈጥረው በፋብሪካው እያሉ የሞቱትን እንጂ ውላቸውን ጨርሰው የወጡትን አይደለም። ኦወን እንደሚለው የልጆቹ ውል ሲያልቅ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 15 ዓመት ነበረ፤ ብዙዎቹም ወደ ኤዲንበራና ወደ ግላስጎው ይመለሱ ነበር። ሰባትና ስምንት ዓመት ሙሉ ከመኪና ሥር ጥጥ ሲለቅም የኖረ ልጅ ሳንባ በ14 ዓመቱ ምን እንደ ሆነ ይህ ቍጥር አይነግረንም። በስታቲስቲክስ ትምህርት ቤታችን ስለ ናሙና ስንማር የምንጠየቀው መጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ማን ነው ከቍጥሩ የወጣው?

ኦወንን ካነሣን ስለ እሱ በሰፊው መነጋገር ያስፈልጋል፤ የዴልን ሕይወት ለዓለም የጻፈው በእውነቱ እሱ ነውና። ዴል በ1799 ኒው ላናርክን ከማንቸስተር ለመጡ ሸሪኮች ሸጠ፤ ከነሱ አንዱ የ28 ዓመት ጐልማሳ የነበረው ሮበርት ኦወን ነው። በዚያው ዓመት የዴልን የበኵር ልጅ ካሮላይንን አገባ፤ ከ1800 መባቻ ጀምሮም አስተዳዳሪ ሆነ። ዴል በ1806 ሞተ፤ መጽሐፍ አልጻፈም። ኦወን ግን በ1813 ስለ ኅብረተ ሰብ አዲስ አመለካከት የሚል መጽሐፉን ማውጣት ጀመረ፤ በ1857 ደግሞ በ86 ዓመቱ የራሱን ሕይወት ታሪክ አሳተመ። አማች ዝም ብሎ ሞቶ አማቹ ብዙ ሲናገር የማን ታሪክ እንደሚቀር ግልጽ ነው።

ለምሳሌ ያህል የሽያጩን ትረካ እንመልከት። ኦወን እንደሚለው ዴል የፋብሪካውን ዋጋ መገመት አቃተው፤ ዋጋውን የጠራው ኦወን ራሱ ነበረ፤ 60 ሺህ ፓውንድ፥ በየዓመቱ 3 ሺህ እየተከፈለ በ20 ዓመት የሚያልቅ። ዴልም ያለ ክርክር ተቀበለ። ይህ ከ58 ዓመት በኋላ የተጻፈ ትዝታ ነው። በ5 ፓውንድ ኪራይ ተጨንቆ የሱቁን ክፍል ለሰዓት ሠሪ ያከራየ ሰው፥ ለብዙ ዓመት የባንክ ወኪል ሆኖ የሰውን ሀብት ሲገምት የኖረ ሰው፥ የገዛ ፋብሪካውን ዋጋ ገዢው እንዲነግረው ጠበቀ ብሎ ማመን ይቸግራል። ዴል ሸምግሎ ወራሽ ወንድ ልጅ አጥቶ፥ ሥራው በደኅና እጅ እንዲቀር ፈልጎ ዐውቆ ተወው ብንል ይሻላል። ኦወን ግን አማቹን የዋህ ሽማግሌ አድርጎ ማሳየቱ ለራሱ መግቢያ ይጠቅመዋል። ሠራተኞቹንም ሲገልጽ ሰካራምና ሌባ፥ ሰነፍና ውሸታም ነበሩ፤ እኔ በመጣሁ ጊዜ ተለወጡ ይላል። ጨለማው ሲጠና ፋኖሱ ይደምቃል።

ይህን የኦወንን አድልዎ ያስተዋሉ ጸሐፊዎች አሉ። የልጅ ልጁ ሮበርት ዴል ኦወን በ1874 ባሳተመው ትዝታ አያቱን በፍቅር ያነሣዋል፤ ሲሞት ግን ልጁ ገና 5 ዓመት አልሞላውም ነበርና ፍቅሩ ከማስረጃው ይበልጣል። በቅርቡ ዘመን ዴቪድ ማክላረን በ1983ና በ2015 ባወጣቸው መጻሕፍት ዴልን ከአማቹ ጥላ አውጥቶ ራሱን የቻለ ሰው አድርጎ አቅርቦታል። ይህ ተገቢ ሥራ ነው፤ ኦወን ከሚመሰገንባቸው ነገሮች ብዙዎቹ በዴል ዘመን የተጀመሩ መሆናቸው እንዲታወቅ አድርጓል። ቢሆንም የዚህ ዐይነቱ ማስተካከያ የሚያደርገው ምስጋናውን ከአንዱ አሠሪ ወስዶ ለሌላው አሠሪ መስጠት ነው። ሚዛኑ ያው የልብ ሚዛን ነው።

በኔ አስተያየት ትልቁ ማስረጃ የሚገኘው ኦወን ሳያስበው ከጻፋቸው ጥቂት መስመሮች ነው። ስለ መጠለያ ልጆቹ ሲናገር እንዲህ የሚል አሳብ ይሰጣል፦ ልጆቹ በደንብ ይበላሉ፥ በደንብ ይለብሳሉ፥ ጌታቸውም ደግ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ይኰበልሉ ነበር፤ የቀሩትም የ7፥ የ8፥ የ9 ዓመት ውላቸው የሚያልቅበትን ቀን በናፍቆት ይጠብቁ ነበር። ከዚህም ጋር መጠለያዎቹ ልጆቹን በ6፥ በ7 ወይም በ8 ዓመታቸው ካልወሰድኽ አንሰጥም ይሉት እንደ ነበረ ይገልጻል። ያሳደጋቸው ማኅበረ ሰብ ከቀለባቸው ለመገላገል ቸኵሎ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ኹሉ ጸሐፊ ስለ ልጆቹ ሲናገር ልጆቹ ራሳቸው የተናገሩበት ስፍራ ያ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ መኰብለላቸው። የ8 ዓመት ልጅ አቤቱታ አይጽፍም፤ የጤና ቦርድም ጥያቄ አይልክለትም። ነገር ግን ከሞቀ ገንፎ፥ ከአንሶላና ከትምህርት ቤት ሸሽቶ በስኮትላንድ ክረምት ወደ መንገድ ሲወጣ አስተያየቱን ገልጿል። ይህን ቃል ማስረጃ አድርጎ የተቀበለ የዴል ታሪክ ጸሐፊ አላጋጠመኝም፤ ኹሉም እንደ ልጅነት ጠባይ አድርገው ያልፉታል።

የልብ ሚዛን ጕድለት በሌላም በኩል ይታያል። በ1791 በግላስጎው የባሪያ ንግድ እንዲቀር የሚታገል ማኅበር ሲቋቋም ሊቀ መንበሩ ዴቪድ ዴል ነበረ። ስኳሩም ትንባሆውም ከባሪያ ጕልበት በሚገኝበት ከተማ የዚህን ማኅበር መሪነት መያዝ ድፍረት ይጠይቃል። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ወደ ክላይድ ይገባ ከነበረው ጥጥ ብዙው የመጣው በካሪቢያን ደሴቶች ባሮች ካመረቱት ነው። ጠዋት የባሪያ ንግድ ይቅር ብሎ የሚናገር ሰው ማታ ባሪያ የለቀመውን ጥጥ ይፈትላል። አንዱ ጸሐፊ ይህን ግብዝነት ይለዋል፤ ሌላው የዘመኑ ግዴታ ይለዋል። ኹለቱም ስለ ዴል ልብ ነው የሚከራከሩት። ለጥጥ ለቃሚው ግን የገዢው ልብ ምን እንደሚመስል ምን ይጠቅመዋል? (የኛም አያቶች የለበሱት አቡጀዲ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ይመጣ እንደ ነበር ሳስብ ነገሩ ከስኮትላንድ ብቻ አይደለም እላለሁ።)

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ከገርጂ ተነሥቶ በጎሮ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው በ2014 ሥራ የጀመረውን የቦሌ ለሚን የኢንዱስትሪ ፓርክ ያገኛል። በ2016 ደግሞ የሐዋሳው ተመረቀ። ስለ እነዚህ ስፍራዎች በኛ ትምህርት ክፍሎች የሚጻፉት የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ እኔም ያነበብኋቸው ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ የሚጀምሩት ባለሀብቱ የስንት ሰው ሥራ እንደ ፈጠረ በመቍጠር ነው፤ ቀጥሎ ክሊኒክ መኖሩ፥ ምሳ መሰጠቱ፥ አውቶቡስ መቅረቡ ይዘረዘራል፤ በመጨረሻም የሠራተኛ መልቀቅ ብዛት የሚል ርእስ ይመጣና ምክንያቱ የኢንዱስትሪ ሥራ ባህል አለመዳበር ነው ተብሎ ይደመደማል።

ይህን ዐረፍተ ነገር በየጽሑፉ ሳየው ኦወን ይታወሰኛል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2019 ስለ ሐዋሳ ባወጡት ጽሑፍ የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑን፥ ይህም ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ኹሉ ዝቅተኛው መሆኑን ገልጸዋል፤ ፋብሪካዎቹም በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ያህል ለመተካት ተገደው እንደ ነበር ጽፈዋል። ወጣት ሴቶቹን ከየገጠሩ መዝግበው የላኩት የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ነበሩ። ልዩነቱን አልክድም፤ እነዚህ ሠራተኞች ለአካለ መጠን የደረሱ ናቸው፥ በውል ለ7 ዓመት አልታሰሩም፥ በሩ ክፍት ነው። በሩ ክፍት በመሆኑም ወጡ። ከ26 ዶላሩ ላይ የቤት ኪራይ ሲነሣ የሚቀረውን ቈጥራ ወደ እናቷ የተመለሰች ልጅ የሥራ ባህል የጐደላት ሳትሆን ሒሳብ የምታውቅ ናት። በ2021 መጨረሻና ኢትዮጵያ ከአጎዋ ከወጣችበት ከጥር 2022 ወዲህ ደግሞ የውጭ ኩባንያዎችም ሐዋሳን ለቀው ሄደዋል፤ ስለ እነሱ ግን የባህል ጕድለት አለባቸው ብሎ የጻፈ ተማሪ አላየሁም፤ ትርፋቸውን አስልተው ሄዱ ነው የሚባለው።

ከቦሌ ለሚ ይልቅ ለኒው ላናርክ የሚቀርበው ግን በከተማችን በሌላው ጫፍ ያለው ነገር ነው። ከጋሞ ደጋ ሽመና ትማራላችሁ እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ልጆች ጕዳይ ብዙ የተጻፈበት ነው። የጋሞ ሸማኔዎች ሙያ የተከበረ ነው፤ አባት ለልጁ ያስተማረው ሙያ ከዚህ ነቀፌታ ውጭ ነው። የምናገረው ዘመድ ነኝ ባይ ወይም ደላላ ከወላጆቹ እጅ ስለሚወስደው፥ ከሽመናው ዕቃ ፊት ከጧት እስከ ሌሊት ስለሚቀመጠው ልጅ ነው። አሠሪው ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ አበላዋለሁ፥ አለብሰዋለሁ፥ ሙያ አስተምረዋለሁ፥ እኔ ባልወስደው ኖሮ በረሃብ ይሞት ነበር። በየቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ዴል ለማንቸስተር የጻፈው መልስ ከዚህ የሚለየው በአጻጻፉ ውበትና በ16ቱ አስተማሪዎች ብቻ ነው። ለአንዱ ሐውልት ለሌላው ክስ የምናቀርብበት ምክንያት ምንድን ነው? የአንዱ ፋብሪካ በ2001 በዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገበ ነውን?

ወዳጆቼ በዚህ ላይ የሚያነሡብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። የ18ኛውን ምዕት ዓመት ሰው በዛሬ ሕግ መፍረድ አይገባም ይሉኛል። ትክክል ነው፤ ስለዚህ በራሱ ዘመን ሕግ እንየው። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1802 ስለ ፋብሪካ ተለማማጆች ባወጣው ሕግ የሥራውን ቀን በ12 ሰዓት ወሰነ፤ የሌሊት ሥራን ከለከለ፤ ትምህርትም አዘዘ። በ1819 የወጣው ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በጥጥ ፋብሪካ እንዳይሠራ ከለከለ፤ ከ9 እስከ 16 ዓመት ላሉትም 12 ሰዓትን ወሰነ። ዴል በ1796 ያሠራ የነበረው 11 ሰዓት ተኩል ነው። ሕጉ በብዙ ትግል የደረሰበትን ሰዓት እሱ ያለ ሕግ ቀድሞ ደርሶበት ነበር ማለት ነው፤ ይህን ምስጋና ልነፍገው አልችልም። ዕድሜውን ግን አልደረሰበትም፤ ኦወን ከ10 ዓመት በታች ያሉትን ከሥራ ያወጣውና ከመጠለያ ልጆች መቀበልን ያቆመው ዴል ፋብሪካውን ከለቀቀ በኋላ ነው።

በኛ አገር በአዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ላለ ወጣት የቀን ሥራ ከ7 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። ይህን ቍጥር ይዞ ከሽሮ ሜዳ አንዱን ግቢ የሚጐበኝ ተማሪ የአሠሪውን ጠባይ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ልጁ ስንት ሰዓት እንደ ተነሣና ወደ ቤቱ ልሂድ ቢል መሄጃ እንዳለው መጠየቅ ይበቃዋል።

በ1819 ያ ሕግ ሲወጣ ዴል ከሞተ 13 ዓመት ሆኖት ነበር። በ1793ቱ ዝርዝር ላይ የ6 ዓመት ልጆች ተብለው የተቈጠሩት አምስቱ በሕይወት ከነበሩ 32 ዓመት ሞልቷቸዋል።